የተሠራው የቤት ሥራ ለምን ቤት ይቀራል?

ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል አንገቱን ደፍቶ ሠርቶታል። እናቱ አይታዋለች፤ አንዱን የሒሳብ ጥያቄማ አባቱም አብሮት ታግሏል። በማግስቱ መምህርቷ «የቤት ሥራችሁን አውጡ» ሲሉ እጁን ወደ ቦርሳው ይሰዳል፣ ያገላብጣል፣ ባዶውን ያወጣዋል። ደብተሩ የት እንዳለ በዚያች ቅጽበት ፍንትው ብሎ ይታየዋል፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ እርሳሱ በላዩ እንደተጋደመ።

ይህን ትዕይንት ልብ ብሎ ላየው አንድ እንግዳ ነገር አለበት። ልጁ ረሳ እንላለን እንጂ ማስታወሱንስ አስታውሷል፤ ያውም እስከ እርሳሱ ድረስ። ችግሩ ትዝታው የመጣው ምንም ከማይፈይድበት ቦታ መሆኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ውሻው ጤነኛ ነው፣ ድምፁም መልካም ነው፤ የቀረን ጅቡ ሳይሄድ እንዲጮህ ማድረግ ብቻ ነው። ከ11 እስከ 14 ዓመት ባሉ ተማሪዎች ላይ ይህ ነገር ለምን እንደሚበረታና በምን እንደሚስተካከል የማውቀውን ላስረዳ።

ግጥም የሚሸመድድ ልጅ ደብተር ይረሳል

«ማስታወስ» የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ጠቅልሎ ይዟል። አንደኛው ያለፈውን ማስታወስ ነው፤ የተማሩትን ቀመር፣ የሸመደዱትን ግጥም፣ የትናንቱን ወሬ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እየሸመደደ ምን ያህሉ በስንት ጊዜ ከአእምሮ እንደሚጠፋ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ስለዚህኛው ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ሊያደርጉ ያሰቡትን ነገር በጊዜውና በቦታው ማስታወስ ነው፤ መድኃኒት መዋጥ፣ መልእክት ማድረስ፣ ደብተር መያዝ።

የሁለቱ ልዩነት ቀስቃሹ ላይ ነው። በፈተና ጊዜ ጥያቄው ራሱ ትዝታን ጎትቶ ያወጣል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ግን ልጁን የሚጠይቀው የለም፤ ጠያቂውም መላሹም እሱ ነው። ስለዚህ የታሪክ ዘመናትን እንደ ውኃ የሚጠጣ ተማሪ ደብተሩን በሳምንት ሦስት ቀን ቢረሳ የሚያስገርም አይደለም። «ይህን ሁሉ የሚይዝ ጭንቅላት አንዲት ደብተር አቅቶት ነው?» የሚለው የወላጅ ምሬት አንዱን ሥራ በሌላው ይለካል።

ተመራማሪዎቹ ጊልስ አይንስታይን (የፊዚክሱ ሊቅ አይደለም) እና ማርክ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ማስታወስ መልሰው ለሁለት ከፈሉት። አንዱ በሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ «ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲህ አደርጋለሁ» እንደሚባለው። ሌላው በሚታይ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ «እገሌን ሳገኘው ይህን እነግረዋለሁ» እንደሚባለው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይቀልላል፤ የሚታየው ነገር ራሱ እንደ ደወል ያገለግላልና። «ነገ ጠዋት ደብተርህን አትርሳ» የሚለው ማሳሰቢያ ደግሞ ከሁለቱም አይደለም። ሰዓትም የለውም፣ የሚታይ ነገርም የለውም። በአየር ላይ የተሰቀለ አደራ ነው።

መጨረሻው የቱ ላይ ነው?

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ግልጽ ያደረገልኝ ስለ ኤቲኤም የሚነገረው ታሪክ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡን ሰጥተው ካርዱን በኋላ የሚመልሱ ማሽኖች ነበሩ። ሰዎች ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ ቆጥረው፣ ካርዱን ማሽኑ ውስጥ ትተው ይሄዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። የመጡት ለገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ እጃቸው ሲገባ አእምሯቸው ጉዳዩን ዘጋው። ካርዱ ከተዘጋ ጉዳይ የተረፈ ቁራጭ ሆኖ ቀረ። መፍትሔው ሰዎችን መምከር አልሆነም፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ሆነ። ዛሬ ብዙዎቹ ማሽኖች ካርዱን ካልወሰዱላቸው ገንዘቡን አይሰጡም። የሰነድ ቅጂ አንሥቶ ዋናውን ወረቀት ማሽኑ ላይ መተውም የዚሁ ዘመድ ነው። ማይክል በርን እና ሱዛን ቦቬር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን የስህተት ዓይነት በሙከራ መርምረውታል። ዋናው ግብ ከተመታ በኋላ የሚቀር እርምጃ፣ በተለይ አእምሮ በሌላ ነገር በተጨናነቀበት ሰዓት፣ በቀላሉ ይወድቃል።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ልጁ የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ ከጻፈ በኋላ ምን ያደርጋል? እርሳሱን ይጥላል፣ ይንጠራራል፣ «ጨረስኩ!» ይላል። እኛም «ጎበዝ» እንለዋለን። ጉዳዩ በዚያች ቅጽበት ተዘጋ። ደብተሩን ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ ቦርሳውን በር አጠገብ ማድረስ፣ ነገ አውጥቶ ለመምህሩ መስጠት ሁሉ ከተዘጋ ጉዳይ በኋላ የተንጠለጠሉ ቁራጮች ናቸው። ቢወድቁ ምን ይገርማል?

ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ሰዎች አቋርጠው የተዉትን ሥራ ከጨረሱት ይልቅ እንደሚያስታውሱ የሚያሳይ ሙከራ አሳትማ ነበር። በኋላ የደገሙት ሁሉ ያንኑ ውጤት ስላላገኙ እንደ ሕግ አልጠቅሰውም። ያም ሆኖ ያልሠራውን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨንቀው የቤት ሥራ ከጨረሰው ልጅ አእምሮ ጨርሶ እንደሚወጣ ቤት ውስጥ ያየ ሰው ሳይስቅ አይቀርም። ቶሎ ጨራሹ ልጅ ከመንቀራፈፉ የሚታወቀው ወንድሙ የበለጠ ደብተር ሊረሳ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ትልቁ ማስተካከያ ገንዘብም ሰዓትም አይጠይቅም። «ጨረስኩ» የሚለውን ቃል ቦታውን መቀየር ነው። የቤት ሥራ የሚያልቀው መልሱ ሲጻፍ ሳይሆን ዚፑ ሲዘጋ ነው። በቤቱ ውስጥ ይህ ቃል ከዚፑ በፊት ዋጋ አይኑረው፤ ጨዋታም፣ ስልክም፣ «ጎበዝ» መባልም ከዚፑ በኋላ ይምጣ። ኤቲኤሙ ካርዱን ሳትወስዱ ገንዘብ አይሰጣችሁም፤ እናንተም እንዲሁ ሁኑ። ቅጣት አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው።

ለምን በዚህ ዕድሜ?

በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጁ ብዙውን ጊዜ አንድ መምህር ነበረው፤ ያ መምህር ማን ምን እንደሚረሳ በቃሉ ያውቃል። ወደ መካከለኛ ደረጃ ሲያልፍ መምህራኑ ስድስትም ሰባትም ይሆናሉ፤ አንዱ በደብተር፣ አንዱ በተነጠለ ወረቀት፣ አንዱ በኮምፒውተር ይቀበላል። አንዱ ነገ ይላል፣ አንዱ ዓርብ። የሚያስተባብራቸው ሰው ልጁ ራሱ ነው። ይህን የማስተባበር ሥራ በዋናነት የሚሠራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ዕድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። የሥራ አስኪያጅ ኃላፊነት ለተለማማጅ እንደ መስጠት ነው። ተለማማጁን ማባረር አይቻልም፤ መሣሪያ መስጠት ግን ይቻላል።

እንቅልፍም አለበት። በጉርምስና መግቢያ ላይ የሰውነት የእንቅልፍ ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ልጁ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ጠዋት ደግሞ መንቃት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል ብሏል። ግማሽ ዓይኑ ያልተገለጠን ልጅ «ሁሉንም ይዘሃል?» ብሎ መጠየቅ ቀድሞ «አዎ» የሚለውን አፉን መጠየቅ ነው። የጠዋት ጥድፊያ ከዚህ ሁሉ በላይ ይጨመርበታል፤ የቸኮለ ጅብ ደግሞ የሚነክሰው ቀንድ ነው። የቦርሳ ዝግጅት የማታ ሥራ ይሁን። ጠዋት የሚቀረው ቦርሳውን ማንሣት ብቻ ከሆነ ግማሹ ጦርነት ሳይጀመር አልቋል።

ሰንሰለቱ የት ተበጠሰ?

ምክር ከመደርደር በፊት መርማሪ መሆን ያስፈልጋል። «የቤት ሥራ አላመጣም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር አምስት የተለያዩ ታሪኮችን ይሸፍናል። አልመዘገበውም ይሆናል፤ መዝግቦ አልሠራውም ይሆናል፤ ሠርቶ ቦርሳው ውስጥ አልከተተውም ይሆናል፤ ከትቶት ክፍል ውስጥ አላገኘውም ይሆናል፤ አግኝቶት አላስረከበውም ይሆናል። ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒት ለሌላው ከንቱ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ ወረቀቱ ቦርሳው ውስጥ ተጨማዶ ለጠፋበት ልጅ ምን ያደርግለታል?

በተለይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ታሪኮች ወላጆች አያምኑም። «ይዞት ሄዶ እንዴት አይሰጥም?» ይላሉ። ይሆናል። መምህሩ «ወረቀታችሁን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሩ» ያሉት ደወሉ ሊደወል ሲል ነው፤ ልጁ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራ ነበር፤ ክፍሉ ተበተነ። ወይም ወረቀቱን የሳይንስ ደብተር ውስጥ ሸጉጦት ስለነበር በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አልታየውም። ከወር በኋላ ቦርሳውን ሲያራግፉት አራት ያለቁ የቤት ሥራዎች ከታች ይወጣሉ። ማርክ ያልተሰጠባቸው፣ ግን በትክክል የተሠሩ። ይህን ሳይ ከልጁ ይልቅ እኔ ነኝ ማልቀስ የሚቃጣኝ።

ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በጠፋ ቁጥር፣ የጠፋበትን ቦታ በአንድ ቃል መመዝገብ በቂ ነው፤ «ጠረጴዛ»፣ «ቦርሳ ውስጥ»፣ «አልጻፍኩትም»። ሁለት ሳምንት ሲሞላ አንዱ ቃል ደጋግሞ ይታያል። ሥራው እዚያ ላይ ነው።

ከአምስቱ ሌላ ስድስተኛም አለ፤ አልረሳውም። ጥያቄው አልገባውም፣ ሊሠራው ሞክሮ አቃተው፣ አፈረ። በክፍል ጓደኞቹ ፊት «አልገባኝም» ከማለት «ረሳሁት» ማለት ይቀላል፤ ረሺ መባል ደንቆሮ ከመባል ይሻላልና። የሚረሳው ሁልጊዜ የአንድ ትምህርት ደብተር ከሆነ፣ በሌሎቹ ግን የማይረሳ ከሆነ፣ ቦርሳውን ትታችሁ ትምህርቱን ተመልከቱ።

መሣሪያዎቹ

ተነጣጥለው ለሚሰጡ ወረቀቶች አንድ ማህደር ይበቃል፤ ለሁሉም የትምህርት ዓይነት አንድ። በየትምህርቱ ሰባት ባለ ቀለም ማህደር ገዝተው የሚያዘጋጁ ወላጆች አሉ። ያምራል፤ ለሳምንት ይሠራል። ሰባት ማህደር ማለት ሰባት የመሳሳቻ ቦታ ነው። አንዱ ማህደር በግራው ኪስ የሚሠራውን፣ በቀኙ የተሠራውን ይያዝ። ልጁ በየትኛውም ክፍል «አውጡ» ሲባል እጁ የሚሄድበት ቦታ አንድ ይሆናል።

ቀጥሎ ቃሉ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ «አደርጋለሁ» ከሚል ባዶ ውሳኔ ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ውሳኔ እንደሚፈጸም አሳይቷል። ከፓስካል ሺራን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩም ውጤቱ ጠንክሮ ነው የተገኘው። ሚስጥሩ ቅድም ያልነው ነው፤ በአየር ላይ የተሰቀለውን አደራ አውርዶ በሚታይ ነገር ላይ ያስረዋል። «ከእንግዲህ አልረሳም» ዋጋ የለውም። «የመጨረሻውን መልስ ስጽፍ፣ ሳልነሣ ማህደሩ ውስጥ እከተዋለሁ» ዋጋ አለው። «የክፍሉን በር ስገባ፣ ሳልቀመጥ ማህደሩን ጠረጴዛዬ ላይ አወጣለሁ» ደግሞ ማስረከብ ለሚረሳው ልጅ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ልጁ ራሱ፣ በራሱ አፍ ይሥራው። እናንተ ሠርታችሁ ብትሰጡት ሌላ ትእዛዝ ይሆንበታል።

በር ላይ የሚለጠፍ አጭር ዝርዝርን የሚንቁ ልጆች አሉ፤ «ሕፃን ነኝ እንዴ?» ይላሉ። ለእነሱ የምነግራቸው የአብራሪዎችን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦክቶበር ወር ቦይንግ ሠርቶ ያቀረበው ሞዴል 299 የተባለ አዲስ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በሙከራ በረራ ላይ ተነሥቶ ወዲያው ተከሰከሰ፤ ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ ሞቱ። ምርመራው የሞተር ብልሽት አላገኘም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ ነፋስ እንዳያንገላታው የጅራት መሪዎቹን የሚቆልፈው መያዣ ሳይፈታ ነው የተነሡት። ያበረሩት ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ የተመረጡ የሙከራ አብራሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ አብራሪዎቹ የመጣላቸው መላ ተጨማሪ ሥልጠና አልነበረም፤ ከመነሣት በፊት የሚነበብ አጭር ዝርዝር ነበር። ዛሬም ማንኛውም አብራሪ፣ የቱንም ያህል ቢበር፣ ያነባል። የልጁ ዝርዝር ከአራት መስመር አይብለጥ፤ የዓይኑ ከፍታ ላይ ይሁን፤ በየጥቂት ሳምንቱም ቦታውን ወይም ቀለሙን ቀይሩት። ዓይን የለመደውን ወረቀት እንደ ግድግዳው ነው የሚያየው።

ስልክ ላይ የሚደወል አንቂ ደወልስ? ደወሉ የሚጮኸው ልጁ ቦርሳው አጠገብ ባለበት ሰዓት ከሆነ ይጠቅማል። መንገድ ላይ ከጮኸ ሌላ ውሻ ነው።

ወላጁ ማስታወሻ ሲሆን

በየጠዋቱ «ደብተርህን ያዝክ?» የሚል ወላጅ ያለው ልጅ ላይረሳ ይችላል። የሚያስታውሰው ግን ወላጁ ነው። ወላጁ ሥራ በሚውልበት ወይም በሚታመምበት ቀን ሁሉ ነገር ይፈርሳል። አንድ ትንሽ ለውጥ ብዙ ትሠራለች፤ መልሱን ከመናገር ወደ ዝርዝሩ መጠቆም። «ሒሳብ ደብተርህ» ከማለት «በሩን አይተኸዋል?» ማለት። ከሳምንታት በኋላ እጅን ወደ በሩ ማሳየት፤ ከዚያም ዝም ማለት።

የተረሳውን ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት መሮጥስ? እዚህ ላይ ሰዎች ይጣላሉ። እኔ አንዴ ማድረስ ደግነት ነው፣ በየሳምንቱ ማድረስ ግን ልጁን ከራሱ ስህተት መከልከል ነው ብዬ አምናለሁ። ከመምህራን ጋር ግን አንድ ክርክር አለኝ። ተሠርቶ ቤት ለቀረ ሥራ ዜሮ መስጠት ልጁ ምን ያህል እንደተማረ አይናገርም። በማግስቱ በተቀነሰ ማርክ መቀበል ስህተቱን ዋጋ ያስከፍለዋል፣ ልጁንም ተስፋ አያስቆርጠውም። መምህሩም የድርሻቸውን ማቅለል ይችላሉ፤ የቤት ሥራውን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ሰሌዳው ላይ ቢጽፉ፣ የሚሰበስቡትም ክፍለ ጊዜው እንደተጀመረ ቢሆን ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ቀለበቶች ይጠነክራሉ።

እስኪለመድ ስንት ቀን? ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ያሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት አንድ አዲስ ልማድ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ ገምቷል፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ 254። ተሳታፊዎቹ ጎልማሶች ስለነበሩ ቁጥሩን ለልጅ እንደ ቀጠሮ አትያዙት። ይበልጥ የወደድኩት ሌላውን ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እምብዛም አልጎዳውም። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን ደብተሩ ቤት ከቀረ «ይኸው፣ አልሠራም» ብሎ ሁሉን ማፍረስ አያስፈልግም።

መርሳቱ ከደብተር አልፎ ጃኬትን፣ ቁልፍን፣ የጓደኛ ቀጠሮን፣ የተጀመረ ጨዋታን ሁሉ የሚነካ ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ መነሣት አለበት። የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ ችግር፣ በተለምዶ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ ከምልክቶቹ መካከል ለሥራ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን ደጋግሞ መጣልና በየዕለቱ ጉዳዮች መርሳት ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የትኩረት ማነስን ከሚያሳዩ ዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ ስድስቱ ለስድስት ወር እንዲቆዩ፣ ከ12 ዓመት በፊት ምልክቶች ታይተው እንዲሆን፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ እንዲታዩ ይጠይቃል። አንድ የተረሳ ደብተር፣ ወይም አሥር፣ ይህን አያሳይም። ግን ከላይ ያለውን ሁሉ በትዕግሥት ሞክረው ንቅንቅ ካላለ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ማህደሩና ዝርዝሩ ያኔም አይጣሉም፤ ለእነዚህ ልጆች ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋሉ።

ዛሬም ረስቶ ቢመጣ፣ ማታ የሚጠየቀው ጥያቄ «ለምን ረሳህ?» አይሁን። ለዚህ መልስ ያለው ልጅ የለም፤ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ እናንተም ትናደዳላችሁ። «የት ቀረ?» በሉት። ይህንንማ ያውቀዋል። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ እርሳሱ በላዩ እንደተጋደመ። ከዚያ «እዚያ እንዳይቀር ማህደሩ የት ቢቀመጥ ይሻላል?» ብላችሁ መልሱን እስኪያስብ ጠብቁት።